የአራስ ቤት ሥራ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም

የተላከው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው።

«ዛሬ ልክ 5 ሳምንት የሞላው ወንድ ልጅ አለኝ፤ የመጀመሪያዬ ነው። ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ እንኖራለን። ያደግኩት ዶሮ ማነቂያ ነበር፤ ሰፈሩ ሲነሳ ግን ጎረቤቶቻችን ሁሉ በየአቅጣጫው ተበተኑ። እናቴ አሁን ገላን ጉራ ናት። ልታርሰኝ መጥታለች፤ ክርስትናው ካለፈ በኋላ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ልጁ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያለ ምክንያት ያለቅሳል። ወተትሽ አልበቃውም፣ ጡጦ ጀምሪለት የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ቤቱ እንግዳ አይጠፋውም። ባለቤቴ የግል ድርጅት ተቀጣሪ ነው፤ በ3 ቀኑ ሥራ ገባ። እኔ እንቅልፍ የለኝም፣ በትንሹም በትልቁም አለቅሳለሁ። ምን ላድርግ?»

እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ እህቴ። እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ። አራት ኪሎ አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ እናቶችን ሳዋልድና ከወሊድ በኋላ ስከታተል 14 ዓመት ሆነኝ። የራሴንም ሁለት ልጆች አሳድጌያለሁ። የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ልጁ፣ ስለ እንግዳው፣ ስለ ጡጦው ብዙ ብለሻል። ስለ ራስሽ የነገርሽን ግን መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ብቻ ነው። ስለዚህ ከዚያ መስመር ልጀምር።

ከወሊድ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት ሆድ መባስ፣ ድንገት ማልቀስ፣ በትንሽ ነገር መናደድ በጣም የተለመደ ነው። አብዛኞቹ እናቶች ያልፉበታል። እንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ ሆርሞኖች በአንዴ ይወርዳሉ፤ በዚያ ላይ ድካሙ አለ። ብዙውን ጊዜ በ2 ሳምንት ውስጥ በራሱ ይለቃል። አንቺ ግን 5 ሳምንት ሆነሽ። ስለዚህ «አራስ ስለሆንሽ ነው፣ ያልፋል» የሚለውን አልልሽም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ልጁ ተኝቶ፣ ቤቱ ጸጥ ብሎ፣ እናትሽም «ተኚ፣ እኔ አለሁ» ብላሽ ጋደም ስትዪ እንቅልፍ ይወስድሻል? ወዲያው ድብን ብለሽ የምትተኚ ከሆነ አብዛኛው ችግርሽ የእንቅልፍ እዳ ሊሆን ይችላል፤ እሱን አብረን እንከፍለዋለን። ልጁ ተኝቶም ዓይንሽ ፈጦ የሚያድር ከሆነ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ ልጁን ስታይው ባዶ ስሜት ከተሰማሽ፣ ወይም ምንም ነገር ደስ የማይልሽ ከሆነ ግን ይህ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት ሊሆን ይችላል። ሕመም ነው። ይታከማል። ጡት እያጠባሽም ልትታከሚ ትችያለሽ። ኤዲንብራ የሚባል 10 ጥያቄ ብቻ ያለው መጠይቅ አለ፤ እዚሁ አዲስ አበባ ባሉ እናቶች ላይም ተፈትሿል። አዋላጇን ወይም ሐኪሙን «ስሜቴ ልክ አይደለም፣ ጠይቁኝ» ብትያቸው ይበቃል። ደግሞ ራስሽን ወይም ልጁን የመጉዳት ሐሳብ ብልጭ ካለብሽ ቀጠሮ አትጠብቂ። በዚያው ሰዓት ለባለቤትሽ ወይም ለእናትሽ ንገሪያቸው፣ ብቻሽን እንዳይተዉሽ፤ አብራችሁም ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ሌሊትም ቢሆን።

አሁን ወደ እንቅልፉ። «ልጁ ሲተኛ አብረሽ ተኚ» የሚለውን ምክር ሳትሰሚው አልቀረሽም። ጥሩ ምክር ነው፣ ግን ልጁ ሲተኛ የሚታጠብ ልብስ አለ፣ ውሃ የመጣ ቀን የሚሞላ ጄሪካን አለ፣ በር የሚያንኳኳ እንግዳ አለ። እኔ የምመክርሽ ሌላ ነው። በቀን ውስጥ አንድ ያልተቆራረጠ የ4 ሰዓት እንቅልፍ ይኑርሽ። አንድ ብቻ። የተቆራረጠ 7 ሰዓት ያላሳረፋት እናት ቀጥ ያለ 4 ሰዓት ተኝታ ስትነሳ ፊቷ ሲለወጥ በዓይኔ አይቻለሁ።

እንዲህ አድርጉት። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ አጥቢውና ለባለቤትሽ ስጪው። ማስገሳቱ፣ ዳይፐር መቀየሩ፣ እያዞሩ ማስተኛቱ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት የእሱ ሥራ ነው። አንቺ ሌላ ክፍል ተኚ፤ ቤቱ አንድ ክፍል ከሆነ እነሱ ሳሎኑ ጥግ ይሁኑ፣ አንቺ ጆሮሽን በነጠላ ሸፍነሽ ተኚ። በመሃል ልጁ ከራበው ቀደም ብለሽ በእጅሽ ያለብሽው ወተት ይኑር፤ በዚህ ዕድሜ አንድ ሲኒ ገደማ ይበቃዋል። ጡጦም አያስፈልግም። በፈላ ውሃ በተቀቀለ ሲኒ፣ ልጁን ቀና አድርጎ ይዞ፣ የሲኒውን ጠርዝ ከንፈሩ ላይ አስነክቶ ራሱ እንዲልሰው ማድረግ ነው፤ አፉ ውስጥ አይፈሰስበትም። የታለበ ወተት ከፍሪጅ ውጭ እስከ 4 ሰዓት ይቆያል፣ ፍሪጅ ውስጥ ደግሞ እስከ 4 ቀን። መብራት ከጠፋና ፍሪጁ ቅዝቃዜውን ከለቀቀ ግን እንደ ውጭ ቁጠሪው። ባለቤትሽ ጠዋት ሥራ ስላለው ከ7 ሰዓት በኋላ ይተኛ። ሁለታችሁም ሌሊቱን ሙሉ አብራችሁ ከምትነቁ ተካፍላችሁ ብትነቁ ይሻላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሌሊቶች ይከብዳሉ፤ እሱም ይደነባበራል፣ አንቺም ድምፅ በሰማሽ ቁጥር መነሳት ያምርሻል። አትነሺ። ካልሞከረው አይለምደውም።

የምሽቱ ለቅሶ። ይህን በደንብ ላስረዳሽ፣ ምክንያቱም ብዙ እናት በዚህ ለቅሶ ነው ጡቷን የምትጠራጠረው። ጤነኛ ሕፃናት ከተወለዱ 2 ሳምንት ገደማ ጀምሮ ለቅሷቸው ይጨምራል፣ 6ኛው ሳምንት አካባቢ ከፍተኛው ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይቀንስና በ3 እና 4 ወር ይረጋጋል። በጣም የሚያለቅሱትም ማታ ማታ ነው። ማለትም ልጅሽ አሁን ጫፉ ላይ ነው ያለው። በዚያ ሰዓት ቶሎ ቶሎ መጥባትም ይፈልጋሉ፤ በየግማሽ ሰዓቱ ጡት ቢፈልግ ወተትሽ አልቋል ማለት አይደለም። በዚህ መሃል ጡጦ ሲጀመር ነው ነገሩ የሚበላሸው። ጡጦ የጠጣ ልጅ ጡት ይቀንሳል፣ ጡት ሲቀንስ ደግሞ ወተቱ በእርግጥ ይቀንሳል።

ወተትሽ መብቃቱን የምታውቂው በለቅሶው አይደለም፣ በሽንቱና በሚዛኑ ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ 6 እና ከዚያ በላይ በሽንት የራሰ ዳይፐር ካለ፣ በቀንና ሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ የሚጠባ ከሆነ፣ ክብደቱም እየጨመረ ከሆነ በቂ ነው። ሚዛኑን ጤና ጣቢያ እናይልሻለን። ስትመጪ ሲጠባም አሳዪን። አንዳንዴ ችግሩ አጎራረሱ ላይ ነው፤ ጫፉን ብቻ ከያዘ አንቺም ትቆስያለሽ እሱም አይጠግብም። ይህ በ10 ደቂቃ የሚስተካከል ነገር ነው፣ እናቶች ግን አፍረው ወር ሙሉ ይሰቃዩበታል።

ሲያለቅስ ምን ይደረግ? ልብሱን አውልቀሽ ደረትሽ ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ አድርጊውና ከላይ ጋቢ ደርቢ። መብራቱን ቀንሺ፣ ቴሌቪዥኑን አጥፊ። ይዘሽው ተራመጂ። ከለቅሶው በፊት፣ ቀን ቀን መያዙም ሳይጠቅም አይቀርም። ካናዳ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ አንድ ጥናት በቀን ብዙ ሰዓት የተያዙ ሕፃናት በ6ኛው ሳምንት ለቅሷቸው በ43 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል፤ በኋላ የተሠራ ሌላ ጥናት ያን ያህል ልዩነት አላገኘም። እኔ ከሥራዬ እንዳየሁት ለሁሉም ባይሆን ለብዙዎቹ ይሠራል፣ ጉዳትም የለውም። «እቅፍ ታስለምጂዋለሽ» የሚሉሽን አትስሚ፤ የ5 ሳምንት ልጅ በእቅፍ አይበላሽም። ጀርባ ላይ ማዘሉ ግን አንገቱ እስኪጠና ይቆይ። አሁን ከፊት፣ ደረት ለደረት ይሁን፤ ፊቱ ይታይሽ፣ አገጩ ደረቱ ላይ አይጣበቅ።

ለሆድ ቁርጠት ተብሎ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛውን ጠብታም፣ ጤና አዳሙንም፣ የአብሽ ውሃውንም ተይ። እስከ 6 ወር ከጡት በስተቀር ውሃ እንኳ አያስፈልገውም።

ለቅሶው አልቆም ሲል፣ አንቺም እጅሽ መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ ልጁን በጀርባው አልጋው ላይ አስተኚው፣ ትራስና ወፍራም ብርድ ልብስ አጠገቡ አይኑር፣ በሩን ዘግተሽ ኮሪደር ላይ 10 ደቂቃ ቁሚ። 10 ደቂቃ አልቅሶ የተጎዳ ጤነኛ ልጅ አላየሁም። ተናደው የነቀነቁት ልጅ ግን አንጎሉ ሊደማ፣ ሊሞትም ይችላል። ይህን ለባለቤትሽም፣ ለሞግዚትም፣ ልጁን ለሚይዝ ሰው ሁሉ ንገሪ።

እንግዳውን በተመለከተ ሆዴ የሚባባው እዚህ ላይ ነው። የአራስ ጥየቃ ሲጀመር ለአራሷ እረፍት ነበር። ዶሮ ማነቂያ እያላችሁ ቢሆን ኖሮ አንዷ ጎረቤት ገንፎውን ታገነፋ፣ ሌላዋ ልብሱን ይዛ ትሄድ፣ ሌላዋ ልጁን ተቀብላ ታስተኛ ነበር፤ «ምን ላግዝሽ» የሚል ጥያቄም አልነበረም፣ ሁሉም ሥራውን ያውቀዋል። አሁን ሰዉ ተራርቋል። የሚመጣው ከሩቅ ነው፣ ታክሲ ተሰልፎ፣ አራት ፎቅ ወጥቶ። ስለዚህ እንግዳ ይሆናል፣ ቡና ይፈላለታል፣ ተጋብዞ ይሄዳል። ሰዉ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ምን እንደሚጎድልሽ ከደጅ አያውቅም።

ስለዚህ ንገሪያቸው። «ምን ላምጣልሽ?» ስትባይ «ምንም» አትበይ። «ስትመጪ ዳቦ ያዢልኝ»፣ «አንድ ጄሪካን ውሃ ከታች ይዘህልኝ ውጣ»፣ «ይህን ልብስ አስጥተሽልኝ ሂጂ»፣ «አንድ ሰዓት ልተኛ፣ ልጁን ያዥልኝ» በይ። የሚቀየም ሰው ይኖራል ብለሽ አትፍሪ። በእኔ ልምድ ሰው ሥራ ሲሰጠው ደስ ይለዋል። ሰዓትም ወስኑ፤ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ከሰዓት በኋላ፣ ማታ ግን እንግዳ የለም። መናገሩ ለአንቺ ከከበደሽ ለባለቤትሽ ስጪው፤ ስልኩን እሱ ያንሳ። ጉንፋን የያዘው ሰው ሲሻለው ይምጣ። ሌላው እጁን ሳይታጠብ ልጁን አይንካ፣ አፉንም አይሳመው።

አንድ በጣም የምለምንሽ ነገር፤ ከሰልና ዕጣን ልጁ ባለበት ክፍል አይግባ። የኮንዶሚኒየም ቤት መስኮቱ ከተዘጋ የከሰል ጭስ መውጫ የለውም፤ መርዙ ደግሞ ሽታ የለውም። ቡናው በረንዳ ላይ ወይም በኤሌክትሪክ ይፈላ።

ክርስትናውን ልንገርሽ። 40 ቀን የሚሞላው ከ5 ቀን በኋላ ነው። ድግሱን አሳንሱት። ይህን ስል አንዳንድ ዘመድ ሊከፋው እንደሚችል አውቃለሁ፤ ግን ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቅርብ ሰዎች ብቻ ቀምሰው ቢሄዱ ክርስትናው ምንም አይጎድለውም። ያልተጠራው ሰው ለዓመቱ ልደት ይጠራ፤ ያን ጊዜ አንቺም ቆመሽ ታስተናግጃለሽ።

እናትሽ የምትሄድበት ሳምንት ከሁሉም የሚከብደው ነው፤ ብዙ እናቶች የሚወድቁት እዚያ ላይ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ በቁጥር 1156/2011 መሠረት አባት የሚያገኘው ፈቃድ 3 ቀን ብቻ ነው፤ ባለቤትሽ ተጠቅሞበታል። ግን የዓመት ፈቃድ ካለው አሁን ይጠይቅና እናትሽ በምትሄድበት ሳምንት ያድርገው። እናትሽም ጠቅልላ ከምትሄድ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለምሳሌ ማክሰኞና ዓርብ፣ ጠዋት መጥታ ማታ ብትመለስ ትችል እንደሆን ተነጋገሩ። ገላን ጉራ ሩቅ ነው፣ የታክሲውን እናንተ ቻሉት። ሞግዚት ወይም የቤት ሠራተኛ ለመቅጠር ካሰባችሁ እናትሽ ሳትሄድ ትግባ፤ አንድ ሳምንት አብረው ቢሠሩ እናትሽ ቤቱን ታለምዳታለች። አቅሙ ከሌለ ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን ልብስ የምታጥብ ሰው ብቻ መያዝ ራሱ ትልቅ እፎይታ ነው።

አንቺም እንደ እሱ የግል ድርጅት ተቀጣሪ ከሆንሽ በዚሁ አዋጅ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር አለሽ። 35ቱ ሄዷል፣ 55 ቀርቶሻል። ለሥራ ቀን የሚሆን ወተት እያለቡ ማጠራቀሙን ሥራ ልትገቢ 2 ሳምንት ሲቀርሽ ጀምሪ፤ ዛሬ ስለሱ አትጨነቂ።

ምግብ ላይ ብዙ አልልም፤ ገንፎውም አጥሚቱም ደግ ነው፣ እንቁላልና ጎመን ጨምሪበት፣ ባጠባሽ ቁጥር አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጪ። የደም ማነስ ክኒን ተሰጥቶሽ ከሆነ ሳትጠይቂ አታቋርጪ።

ከእናትሽና ከአማትሽ ጋር በምክር ስትለያዩ አትከራከሪ፤ ጉልበትሽን ይጨርሰዋል። ልጁን ቅቤ ማላስ፣ እንጥል ማስቆረጥ፣ ጡጦ፣ ማናቸውም ቢነሱ «አዋላጇ ከልክላኛለች» በይ። በእኔ አሳብቢ። እነሱም ይዘውሽ ይምጡና እኔ ወይም የምትከታተልሽ ባለሙያ እናስረዳቸው። ያወቁትን ያህል ነው የሚመክሩሽ፣ ስለሚወዱሽ ነው። የጠዋት ፀሐይ አሙቂው ሲሉሽ ግን ልክ ናቸው። ለአጭር ጊዜ፣ ዓይኑን ከልለሽ፣ በረንዳ ላይ አሙቂው፤ በመስኮት መስታወት በኩል የሚገባው ፀሐይ አይጠቅመውም።

ሳትዘገዪ ወደ ጤና ተቋም የምትሮጪባቸውን ነገሮች ደግሞ ማቀዝቀዣው ላይ ጽፈሽ ለጥፊ። ልጁ መጥባት እምቢ ካለ፣ ትኩሳቱ 37.5 ከደረሰ፣ ሰውነቱ ከቀዘቀዘ፣ እንደወትሮው ካልተንቀሳቀሰ፣ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ካንቀጠቀጠው፣ መዳፉና የእግሩ ውስጥ ቢጫ ከሆነ። አንቺ ደግሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ሞዴስ ሙሉ በሙሉ የሚያርስ ደም ከፈሰሰሽ፣ ትኩሳት ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካለሽ፣ ከባድ ራስ ምታት ከዓይን ብዥታ ጋር ከመጣ፣ ወይም አንድ እግርሽ አብጦ ካመመሽ።

በሚቀጥለው ሳምንት ልጁ 6 ሳምንት ይሞላዋል። የፔንታ (አምስት በሽታ በአንድ መርፌ የሚከላከል)፣ የሳንባ ምች፣ የሮታ (የተቅማጥ) እና የፖሊዮ ክትባት አለው፤ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው። የአንቺም የ6ኛ ሳምንት ምርመራ በዚያው ጊዜ ስለሆነ ሁለቱን በአንድ ቀን አድርጊው። ብዙ እናቶች ልጁን አስከትበው እነሱ ሳይታዩ ይመለሳሉ፤ እኛም ሰልፉ ሲበዛብን ሳንጠይቃቸው እናሳልፋለን፣ ይህ የኛ ጥፋት ነው። አንቺ ግን እንዳትመለሺ። የደም ግፊትሽ ይለካ፣ ቁስል ካለሽ ይታይ፣ ስለ ወሊድ መከላከያም ጠይቂ። እላይ ያነሳሁትን የስሜትሽን ነገርም በራስሽ አፍ ንገሪያቸው። እስከዚያ የሚቆይ ካልመሰለሽ ነገም መምጣት ትችያለሽ። ባለቤትሽ አንድ ጠዋት ከሥራ አስፈቅዶ አብሮሽ ይምጣ። እሱ ውጭ አግዳሚው ላይ ልጁን ይዞ ይጠብቅሽ፤ አንቺ ብቻሽን ገብተሽ፣ በሩን ዘግተሽ፣ ስለ ራስሽ አውሪ።